«ተመስገን በይ» ይሉኛል፣ እኔ ግን አለቅሳለሁ

ደብዳቤው በጥቂቱ አጥሮ ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከኮቺ ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነበር። ሰባት ወር እስኪሞላኝ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ፊቴና እግሬ አበጠ። ክትትል ስሄድ ግፊቴ 170/110 ሆኖ ተገኘና በዚያው አስተኙኝ። ስምንት ቀን ተኝቼ፣ 33 ሳምንት ሲሆነኝ በኦፕሬሽን ወለድኩ። ሴት ናት። አንድ ኪሎ ተኩል ነበረች። 16 ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆየች። ከዚያ በካንጋሮ ደረቴ ላይ ይዣት ሰነበትኩ። አሁን አምስት ሳምንቷ ነው፣ ሁለት ኪሎ ሆናለች። ቤት ከገባን ዘጠኝ ቀናችን ነው።

ሰው ሁሉ ‹ተመስገን በይ› ይለኛል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ። ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የማሽኑ ጢጥ ጢጥ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። አማቴ ‹ቡና አብዝተሽ ነው፣ ቆመሽ እየዋልሽ ነው› ይላሉ። ‹የስምንት ወር ልጅ አይበረክትም› ሲሉም ሰምቻቸዋለሁ። ጎረቤት ደግሞ ‹ምጥ ሳታይ ወለደች› ትላለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሰው ይጠራል ተብሏል፣ እኔ ሰው ሲስማት እፈራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው? ደግሜስ ማርገዝ እችላለሁ? ይምከሩኝ። ይቅርታ፣ አስረዘምኩት። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቼ መሰለኝ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ለቅሶሽ አንጀቴን በላው። ሁለተኛ ሳነበው ግን የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደነገጥኩ። ይቅርታ ብለሽ የጨመርሻት መስመር። ራስ ምታቱና የዓይንሽ ብዥ ማለት።

ስለዚህ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ሕፃኗን ታቀፊያትና በባጃጅ ሂጂ። ከመሸም ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂጂ። ስትደርሺ «ራሴን አመመኝ» ብቻ ብለሽ ወረፋ እንዳትቀመጪ። «ከወለድኩ አምስት ሳምንቴ ነው። በእርግዝናዬ ፕሪኤክላምፕሲያ ነበረብኝ። አሁን ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል» በያቸው። እንዳይጠፋሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ፕሪኤክላምፕሲያ ማለት ያ አንቺን የያዘሽ፣ በእርግዝና የሚመጣው የግፊት በሽታ ነው።

ብዙ ሰው ልጁ ከወጣ በሽታውም አብሮ የወጣ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፣ የዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውለድ ነው፣ የእንግዴ ልጁ መውጣት። ግን ግፊቱ በዚያው ቀን ላይወርድ ይችላል። ከወረደ በኋላም ተመልሶ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ልጇን ታቅፋ ቤቷ የገባች እናት እንኳ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። አንቺ ገና አምስተኛው ላይ ነሽ።

ቁጥሩ 160/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ነው፣ ሳትታከሚ እንዳትመለሺ። 140/90ም ቢሆን ሐኪም ሊከታተልሽ ይገባል። እንዲያውም ቁጥሩ ደህና ቢሆን፣ ራስ ምታቱ ካልለቀቀሽ ሐኪም ይይሽ። ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት አንድ ሰዓትም አትጠብቂ። የእንቅልፍ ማጣት ብቻ ሆኖ ከተገኘ እሰይ ነው። ለከንቱ ለፋሁ አትበይ።

ሄደሽ ከመጣሽ በኋላ የቀረውን እንጨዋወት።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። እንዲሁ ለማጽናናት አይደለም እንዲህ የምልሽ። ነገሩ የተጀመረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ አንቺ ምንም ሳይሰማሽ። የእንግዴ ልጁ ማሕፀን ላይ ሲጣበቅ፣ ደም የሚያመጡለት የደም ሥሮች እየሰፉ መሄድ አለባቸው። አንዳንድ ሴት ላይ በደንብ አይሰፉም። ደም ያጠረው የእንግዴ ልጅ ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ነገሮች አሉ። የደም ሥሮቿን የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ግፊቷ ይጨምራል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን በሽንት ያፈሳል፣ ሰውነቷ ያብጣል። የመጀመሪያ እርግዝና፣ መንታ፣ ቀድሞ የነበረ ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም፣ እነዚህ ዕድሉን ይጨምራሉ። አንቺ የመጀመሪያሽ ነበር።

ቡናውን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም። በእርግዝና ጊዜ መጠኑን መቀነስ ጥሩ ነው። ይህን በሽታ ያመጣብሽ ግን ሲኒው አይደለም። መቆምሽም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ቤት ተኝቶ ማረፍንም ሆነ ጨው መቀነስን ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል ብሎ አይመክርም። ስለዚህ ተኝተሽ ብትውይም ይመጣብሽ ነበር።

አማትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ሰው ሲደነግጥ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን ካገኘው ሁለተኛ የማይመጣ ይመስለዋል። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ሊያጡ ነበር። አትከራከሪያቸው። ለቀጠሮ ስትሄጂ ይዘሻቸው ግቢና ሐኪሙ ፊት «እናታችን ከምን እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋሉ» በይ። ከነጭ ጋውን የሰሙትን ቃል ለጎረቤቱ ሁሉ የሚያስረዱልሽ እሳቸው ይሆናሉ።

«የስምንት ወር ልጅ አይበረክትም» የሚለውን እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ትክክል አይደለም። ማሕፀን ውስጥ የተጨመረች እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባም ለአንጎልም ትጠቅማለች። 33 ሳምንት ከ32 ይሻላል። ስምንት ቀን ያስተኙሽም ለዚህ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሚሰጡት መርፌዎች አንዱ የሕፃኗን ሳንባ የሚያጠነክር ነው። ሌላው ማግኒዝየም ሰልፌት ነው። ሲገባ ሰውነትን እንደ እሳት ስለሚለበልብ ብዙ ሴቶች አይረሱትም። እሱ ደግሞ ለእናትየው ነው፣ እንዳትንቀጠቀጥ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ10,000 በላይ ሴቶች በ33 አገሮች የተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጎረቤትሽ ደግሞ «ምጥ ሳታይ» ትላለች። ስምንት ቀን ጣሪያ እያየሽ፣ የልጅሽን የልብ ምት ሊያዳምጡ በመጡ ቁጥር ትንፋሽሽን ይዘሽ ጠብቀሻል። ሆድሽ ተቀዶ ወጥታለች። ቁስልሽ ሳይድን ወተት በኩባያ እያለብሽ ኮሪደሩን ተመላልሰሻል። ያ ምጥ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ለቅሶሽ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ34 ሳምንቴ ነው። አሁን 12 ዓመቱ ነው፣ እግር ኳስ አይጠግብም። የገዛሁለት ኮፍያ አገጩ ድረስ ይወርድበት ነበር። አንድ ቀን ኮፍያውን ከፊቱ ላይ ሳነሳ ልጄ ሳይሆን የሰው ዕቃ የያዝኩ መሰለኝ። እንዳልሰብረው ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። «አመስጋኝ አይደለችም» እንዳልባል። ወራት ፈጅቶብኛል፣ ዝም በማለቴ ነው ያን ያህል የቆየው።

አንቺ ግን አትዘግዪ። ተመስገን ማለትና ማልቀስ አይጣሉም። ልጅሽ በሕይወት ስላለች ታመሰግኛለሽ። የቀረብሽ ነገር ስላለ ታለቅሻለሽ። እንደ ተወለደች ደረትሽ ላይ አላደረጓትም። እልልታውን አልሰማሽም። ገንፎው ሲገነፋ አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ። የሠላሳ ሰባተኛው፣ የሠላሳ ዘጠነኛው ሳምንት ሆድሽ ምን ይመስል እንደነበር አታውቂም። ይሄ ሁሉ እውነተኛ ሀዘን ነው። እግዚአብሔርም በእንባሽ የሚቀየም አይመስለኝም።

ይሁንና ሀዘኑ በሽታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማልቀስ፣ ሕፃኗ ተኝታም መተኛት አለመቻል፣ የማሽኑን ድምፅ መስማት፣ ምግብ አለመቅመስ። አንቺ የተወሰኑት አሉብሽ። ስለዚህ ግፊትሽን ለሚያይሽ ሐኪም ይሄንንም ንገሪው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መሄድ አያሳፍርም። መድኃኒት ካስፈለገሽ፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ አለ። ራስሽን ወይም እሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን በዚያችው ቅጽበት ለባለቤትሽ ንገሪውና አብራችሁ ሂዱ። ብቻሽን አትደሪ።

ጣትሽን አፍንጫዋ ሥር ስለማድረግሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አተነፋፈሳቸው ወጥ አይደለም። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱና አምስት፣ አንዳንዴ አሥር ሰከንድ ያህል ያቆማሉ። ከዚያ ራሳቸው ይቀጥላሉ። ይሄ የተለመደ ነው። 20 ሰከንድ ከሞላ፣ ወይም ከንፈሯና ምላሷ ከጠቆረ ግን ድንገተኛ ነው፣ እግሯን እያሻሸሽ ወደ ሆስፒታል ሩጪ።

ደረትሽ ላይ ከሆነች ደግሞ ጣትሽ አያስፈልግም። ትንፋሿን ራስሽ ትሰሚዋለሽ። ካንጋሮው ከሆስፒታል ስትወጪ አላበቃም። ሁለት ኪሎ ተኩል እስክትሞላ፣ ወይም ራሷ እየተወራጨች «በቃኝ» እስክትልሽ ድረስ ቀጥይ። ይህ ዘዴ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ነው። ማሞቂያው አልበቃ ብሎ ሕፃናቱ ተደራርበው በሚተኙበት ሆስፒታል አንድ ሐኪም እናቶቹን ራሳቸውን ማሞቂያ አደረጋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመክራል። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጊላት። እንደ እንቁራሪት እግሯን ከፍተሽ ጡቶችሽ መሃል አስቀምጫት። ፊቷን ወደ ጎን አዙሪ፣ አንገቷ እንዳይታጠፍ። በነጠላ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት፣ ከላይ ጋቢ ደርቢ። የጅማ ዝናብ ሌሊት ሲወርድና መብራት ሲሄድ ከዚህ የተሻለ ምድጃ የለም።

ባለቤትሽም ይያዛት። ሸሚዙን ያውልቅና ደረቱ ላይ አድርጊለት። «ወንድ ልጅ እንዴት» ከተባለ ይባል። የአባት ደረትም እኩል ይሞቃል። እሱ በያዘበት ሁለት ሰዓት ውስጥ አንቺ ሌላ ክፍል ገብተሽ ተኚ። አጠገቧ ሆነሽ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ።

ከሰል ያለበት ቡና እሷ በምትተኛበት ክፍል አይፈላ። ዕጣኑም አይጨስ። በረንዳ ወይም ሌላ ክፍል ይሁን። ሳንባዋ ገና ነው። ይሄ ብዙ ቤት ውስጥ የሚዘነጋ ነገር ስለሆነ አጥብቄ እለምንሻለሁ።

ጡት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ስጫት፣ እስክታለቅስ አትጠብቂ። ትንሽ ልጅ ሲርባት ከማልቀስ ይልቅ ትተኛለች። ቅቤ ማስላስ፣ የስኳር ውሃ፣ አብሽ፣ ምንም የለም። የጡትሽ ወተት ብቻ። በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረች በቂ ነው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ አስመዝኛት። መጥባት እምቢ ካለች፣ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰች፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ገላዋ ከ37.5 በላይ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፏና የእግሯ ሥር ቢጫ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ውሰጃት።

የ45 ቀን ክትባቷ ደርሷል። ትንሽ ናት ብለሽ አታዘግዪው። ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው። ዕድገቷን ግን ጊዜዋን ጠብቃ ብትሆን ኖሮ ትወለድበት ከነበረው ቀን ቁጠሪ። የጎረቤት ልጅ በሦስት ወሩ ሲስቅ እሷ በአምስተኛ ወሯ ብትስቅ አትደንግጪ። ለክትባት ስትሄጂ የአይረን ጠብታና የዓይኗን ሬቲና ምርመራ ጠይቂ፣ በተለይ ኦክስጅን ወስዳ ከሆነ። በዚያው ቀን አንቺም ታዪ። ስድስተኛ ሳምንትሽ ነው፣ ሁለት ካርድ ይዘሽ ውጪ።

ክርስትናዋን አትከልክያት። ድግሱን ግን አዘግዪው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩና በሰማንያ ቀኗ እናንተና ክርስትና እናቷ ብቻ ሄዳችሁ አስጠምቋት። ሰው የሚጠራው ሌላ ጊዜ ነው፣ ልደቷም ላይ ይሁን። «ሐኪም ከልክሎናል» ካልሽ ማንም አይቀየምሽም። እስከዚያ የሚመጣ ጠያቂ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እጁን ታጥቦ ይግባ። የሚያስለው ከበር ይመለስ። መሳም የሚፈልግ እግሯን ይሳም። ይሄን ሁሉ ለሰው የሚናገረው ባለቤትሽ ይሁን። አንቺ አራስ ነሽ።

ደግመሽ ማርገዝ ትችያለሽ፣ ግን አሁን አይደለም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆዪ። ስለ መከላከያ በስድስተኛው ሳምንት ተነጋገሩ። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ግፊት ላለባት አጥቢ አይሆንም። በክንድ የሚቀበረው ወይም ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻላል። በሽታው አንዴ ከያዘሽ የመመለስ ዕድሉ ካልያዛት ሴት ይበልጣል፣ ግን ብዙዎች ሁለተኛውን በሰላም ወልደዋል። ስታረግዢ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ ክትትል ጀምሪና ያለፈውን ንገሪያቸው። ከ12ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አለ። ካልሲየምም አለ። ሁለቱንም ሐኪም ይዘዝልሽ እንጂ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። ከሆስፒታል የወጣሽበትን ወረቀት አትጣይው፣ ማሕፀንሽ በየት በኩል እንደተቀደደ ካልተጻፈበት አስጽፊ። የሚቀጥለው ወሊድ በእሱ ይወሰናል። ግፊትሽንም በየዓመቱ ተለኪ፣ ዕድሜሽን ሙሉ። ይህ በሽታ የያዛት ሴት ወደፊት ለግፊትና ለልብ ሕመም የበለጠ ትጋለጣለች።

ይህን ሁሉ አንብበሽ ገና ቤት ውስጥ ከሆንሽ ግን ስልኩን አስቀምጪና ባለቤትሽን ጥሪው። ሲለኩሽ የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር ጠይቂያቸው። ካርድሽ ላይ ይጻፍ። ለኔም ላኪልኝ፣ እጠብቃለሁ።